የሰናይት ማይክሮስኮፕ

ጥቅምት 1፣ ጠዋት
ልደታ ናት። ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ቤቴ ድረስ ገብቶ አብሮኝ ቁርስ ተቀመጠ። እኔ ሁለት ጉርሻ። የቀረው የሱ።
ተስፋዬ ደወለ። የባዮሎጂ ት/ክፍል የቀድሞ ተማሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ። አብረን ተምረናል፤ ያኔም የክፍል አለቃ ነበር፣ እስካሁን አልለቀቀውም። ለት/ክፍሉ ስጦታ እያሰባሰቡ ነው። የባለቤቴን የሰናይትን ማይክሮስኮፕ እንድሰጥ፣ ስሟ ያለበት ሰሌዳ ይለጠፍበታል አለ። እሺ አልኩ። ደብተሬ፣ ሰናይት ካረፈች ወዲህ ለሁሉም እሺ ነው የምለው። ትናንት ለአንድ የኢንሹራንስ ሻጭም ብያለሁ።

ጥቅምት 2
ማይክሮስኮፑ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው። ሻሿን ለብሷል። ያለበስኩት እኔ፣ በሰልስቱ ማግስት።
ተማሪ ሳለን ለክፍሉ በሙሉ አንድ ማይክሮስኮፕ ነበር። ወንዶቹ ከበብነው፣ ሴቶቹ ያጠኑት የኛን ማጅራት ነው። አስተማሪ ስትሆን ይሄን አሮጌ ፈልጋ ገዛች። ማስተካከያውን ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያለ ሰዓት ሠሪ አበጀላት። ትምህርት ቤት በሚኒባስ ታመላልሰው ነበር፣ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ጭኗ ላይ። አንዴ ወያላው፣ ሕፃኑን እቀፊውና ሰው አስቀምጪ አላት። እስክትሞት ሳቀችበት።
«እስክትሞት» ብዬ ጻፍኩ። ምንም አልተሰማኝም። ሻይ አፈላሁ።

ጥቅምት 5
ት/ክፍሉ ሄድኩ፣ ተስፋዬ ማይክሮስኮፑ የሚቀመጥበትን እይ ብሎኝ። ቤተ ሙከራው በአቶ ጌታሁን እጅ ነው፤ ቀጭን ሰው፣ የቁልፉ ዘለላ ሱሪውን የሚያወርድበት። ከዚህ በፊት ተመራቂዎች የሰጧቸውን አሳየኝ። መስታወት ባለው ቁም ሳጥን የተደረደሩ ማይክሮስኮፖች። ፕላስቲካቸው አልተነሳም። ሪባናቸው አልተፈታም። ከፊታቸው ተማሪዎች ተቀምጠው የሽንኩርት ሕዋስ ከግድግዳ ሥዕል ላይ ይገለብጣሉ።
ለምን አልኩት። አልተቆጣም።
«ጋሼ፣ እናንተ ሰጥታችሁ፣ ፎቶ ተነስታችሁ ትሄዳላችሁ። የፈረምኩት እኔ ነኝ። ቢሰበር ከኔ ደመወዝ ነው።»
ያዘንኩበት መስሎት ይሆናል፣ የባለቤትዎንም በደንብ እሸፍነዋለሁ፣ አያስቡ አለኝ።

በዚያው ቀን፣ ቤት ስገባ
መብራት አበራሁ። ሻሹ።
ከጌታሁን በምን እሻላለሁ? እሱ እንኳ የሚቆረጥ ደመወዝ አለው።

ጥቅምት 6
ሻሹን አነሳሁ። አጠፍኩ። ቀይ ሽንኩርት ላጥኩ። ሽንኩርት የሚልጥ ሰው ያለቅሳል ይባላል። አላለቀስኩም፣ ሽንኩርቱን አሳፈርኩት። ስሱን ልጣጭ መስታወት ላይ ዘርግቼ አዮዲን ጠብ አደረግሁበት። ማስተካከያው አሁንም ለስላሳ ነው። መጀመሪያ ጉም፣ ከዚያ ግድግዳዎች። ክፍሎች፣ ጎን ለጎን፣ በየክፍሉ አንድ ነጥብ። የኛ ኮንዶሚኒየም። በየቤቱ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ።
ቀና ስል የጣድኩት የሻይ ውሃ ተኖ አልቋል። ማንቆርቆሪያው ተቃጥሏል፣ የሷ።

ጥቅምት 9
ለተስፋዬ ደውዬ እምቢ አልኩት። የዘንድሮ የመጀመሪያዬ እምቢ። ሰሌዳው ታዟል አለ። ሪባኑም ተገዝቷል። ተቆጣህ እንዴ አለኝ። ብቆጣ ደስ ይለኝ ነበር አልኩት።
ነገሩን አስረዳሁት። ማይክሮስኮፑ የኔ እንደሆነ ይቆያል። ማንም አይፈርምበትም። ሐሙስ ሐሙስ፣ የቤተ ሙከራ ቀናቸው ነው፣ ይዤው እሄዳለሁ፤ ሲጨርሱ ይዤው እመለሳለሁ። ተማሪዎቹ ይነኩታል። ቢሰብሩት የሰበሩት የኔን ነው። ይሄማ ስጦታ አይባልም አለ። አይባል አልኩ።
ቀጥሎ ለጌታሁን። ያንኑ ነገርኩት።
«የኔ ፊርማ የለበትማ?»
የለበትም አልኩት። እንግዲያው መስኮቱ አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ ወልውዬ እጠብቅዎታለሁ አለ።

ጥቅምት 11፣ ረቡዕ ከሰዓት
ሽንኩርት ገዛሁ። ባለሱቋ ለስንት እንግዳ ነው አለችኝ። ለአንድ ክፍል ተማሪ አልኳት። አዘነችልኝ መሰለኝ፣ አንድ መረቀችልኝ።
ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ ሞከርኩ። ጭኔ ላይ ነው የሚሆነው፣ በሻሹ ተጠቅልሎ። ወያላው ሕፃኑን እቀፈው ካለኝ እሺ እለዋለሁ። ይሄኛው እሺ ግን ፈልጌ የምለው ነው።