የጋሽ አደሎ እግርና የተመላላሽ ካርድ

ሰኞ
ጓድ አስተዳዳሪው ሠራተኞቹን በሙሉ አስቆሙንና ሰርኩላር አነበቡልን። መዝሙር የሚዘመር መስሎን ደረታችንን ነፍተን ነበር። ከእንግዲህ የሆስፒታላችን በጀት የሚመደበው አልጋ በያዘ በሽተኛ ሳይሆን በተመላላሽ ካርድ ብዛት ነው። ካርድ ሲበዛ መድኃኒትና ነዳጅ ይጨመራል። አልጋ የያዘ ሰው እንግዲህ አድኃሪ ነው። ካርድ ጸሐፊው እኔ፣ ሳላስበው የአብዮቱ ግንባር ቀደም ሆኜ አረፍኩት።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ አደሎ ከአልጋ እንዲወርዱ ተደረገ። የማንኪራ ገጠር ሰው ናቸው፤ ቀፎ ሲሰቅሉ ከዛፍ ወድቀው ቅልጥማቸው ተሰብሯል፣ ቁስሉም አልደረቀም።
ጓድ አስተዳዳሪው «በየቀኑ እየተመላለሱ ይታጠቡ» አሏቸው።
«በየትኛው እግሬ?»
ሰርኩላሩ ስለ እግር የሚለው ነገር የለም።

ማክሰኞ
አራት ጎረቤቶቻቸው በዚያ ሁሉ ጭቃ በቃሬዛ አመጧቸው። አንድ ካርድ ጻፍኩ። አስተዳዳሪው ከኋላዬ ብቅ ብለው «ተሸካሚዎቹስ? ላብ በላብ አይደሉ እንዴ? ይመርመሩ!» አሉ። አምስት ካርድ። አራቱ ላይ «ድካም» ተብሎ ተጻፈ። በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ትክክለኛ ምርመራ አይቼ አላውቅም።

ረቡዕ
ዛሬም አምስት። አስተዳዳሪው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ደስ አለኝ። ያሳፍራል፣ ግን ደስ አለኝ።
ሲስተር አስካለ ፋሻውን ስትፈታ ጭቃ ቁስሉ ውስጥ ገብቷል። ይሸታል።
«አንተ ካርድህን ቁጠር» አለችኝ፤ «እኔ የሚቆረጠውን እግር እይዛለሁ።»
ቀልድ ፈለግሁ፤ አልመጣልኝም።

ሐሙስ
አልመጡም። ወንዙ ሞልቷል አሉ። መስኮቴን አሥር ጊዜ ከፈትኩ። ምሳ አልበላሁም።

ዓርብ
መጡ። ጋሽ አደሎን ትኩሳት አጋድሟቸዋል። ከተሸካሚዎቹ ትልቁ ጋሽ ወልዴ ቃሬዛውን መስኮቴ ሥር አስቀምጠው «እንካ፣ ልጄ። እኛ በቃን። ከዚህ በኋላ አንተው ተመላለስ» አሉኝ።
እውነታቸውን ነው። ከሲስተር ጋር ተማክረን ጋሽ አደሎን አልጋቸው ላይ መለስናቸው፤ የዎርዱ መዝገብ ላይ ግን አልጻፍናቸውም። ከነገ ጀምሮ በየጠዋቱ በጓሮ በር ይወጣሉ፣ ሕንጻውን ይዞራሉ፣ ከእኔ ካርድ ወስደው በፊት በር ይገባሉ። ቃሬዛውን ከፊት እኔ፣ ከኋላ ጋሽ ወልዴ። «እዚሁ እያደርኩ ይቺንስ እሸከማለሁ» ብለው ሳቁ።

ቅዳሜ
ዞርን። ሌሎች የተባረሩ ሕመምተኞችም ሰምተው ኖሮ ከኋላችን ተሰለፉ፤ ሰልፉ ላይ የጎደለው ባንዲራ ብቻ ነበር። ካርዱ ጎረፈ፤ ሁሉም አልጋቸው ላይ ተመለሱ፣ የዎርዱ መዝገብ ግን ባዶ።
አስተዳዳሪው ካርዱንና መዝገቡን ብቻ አይተው ፈነደቁ። «አልጋ አያስፈልገንም ማለት ነው! ሰኞ ጠዋት አልጋዎቹ በሙሉ መጋዘን ይግቡ!»
ሥራዬን አሳምሬ በመሥራቴ ያመጣሁት ጣጣ ነው።

እሑድ
የጋሽ አደሎ ትኩሳት በረድ ብሏል። እግሩ ግን አሁንም ይሸታል። ትልቁን የእግር ጣታቸውን ነካሁት፤ ነቅነቅ አለ። ወይም መሰለኝ።
ሲስተር «የመጋዘኑ ጣሪያ ያፈሳል?» አለችኝ። ሄጄ አየሁ። አያፈስም።
ነገ አልጋዎቹን እናስገባለን። ባዶአቸውን ይግቡ ያለ የለም።