የሊዲን በር እኔ እይዛለሁ

ውድ እማዬ፣

ኮምቦልቻ ገብቻለሁ። ያረፍኩት ፋብሪካ አብራኝ ትሠራ የነበረችው ሰዒዳ ቤት ነው።

ባለፈው ከናይሮቢ ስደውልልሽ ድምፄን አላወቅሽውም። "አንተ ሌባ! የልጄን ስልክ ከየት አገኘኸው?" አልሽ። "እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ቃለሕይወት" አልኩሽ። አንቺም "እንደ ድሮሽ ሆነሽ ነይ፤ ካልሆነ የእህትሽ የሊዲ ሰርግ ይቅርብሽ። የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ምን ይለኛል?" ብለሽ ዘጋሽው። ምን እንደሆንኩ አልጠየቅሽም። ስለዚህ ሳልጠየቅ እነግርሻለሁ።

ሐኪም ያዘዘልኝን የወንድ ሆርሞን መርፌ መውሰድ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። መጀመሪያ ጀርባዬን ብጉር ወረሰው፤ ረሃቡም ለጉድ ነበር። ከዚያ የወር አበባዬ ቆመ፤ ድምፄ ጎረነነ፤ ፂም አወጣሁ። አንድ ጊዜ ደሜ ከልክ በላይ ወፍሮ ሐኪሟ መጠኑን ቀነሰችልኝ፤ አሁንም በየጊዜው እመረመራለሁ። መዘምራን መካከል ስቆም ትኮሪበት የነበረው ቀጭን ድምፄ አይመለስም። ላለቅስለት ፈልጌ ነበር፤ እንባዬም እንደ ድሮው ቶሎ አይመጣም።

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቤታችን ልብሴን ስቀይር መስታወቱን በነጠላሽ እሸፍነው እንደነበር ታስታውሻለሽ? "መስታወት ምን በደለሽ?" ትይኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት የሰዒዳ መስታወት ፊት ቆሜ፣ ሳልቸኩል፣ ፂሜን ተላጨሁ። ሰዒዳ ከኋላዬ ሆና ስታየኝ ቆየችና ሳቀች።

"ወላሂ ቃልዬ፣ ከባሌ ፂም ያንተ ይሻላል! ኧረ እንዳትነግረው!"

ይቅርታ ልጠይቅሽ አልመጣሁም። የመጣሁት ሊዲ ጠርታኝ ነው። አባዬ ካረፈ ወዲህ በቤታችን ወንድ የለም ስትሉ ኖራችኋል። እሷ ግን "ሰርገኛው ሲመጣ በር ይዞ 'አናስገባም' የሚል ወንድም የለኝም እያልኩ ስቆጭ ኖርኩ፤ ለካ አለኝ! በሩን አንተ ትይዛለህ። ደግሞ ቶሎ እንዳትለቅላቸው፣ ይለማመጡህ!" አለችኝ።

ሱፍ አሰፍቻለሁ። ጉባኤው የሚለውን ይበል። ስሜን አልቀየርኩም፤ አንቺ ያወጣሽልኝ ስም ለወንድም ለሴትም ይሆናል።

ሰርጉ ጥር አሥራ ሦስት ነው። በማለዳ ደሴ ወጥቼ በራችን ላይ እቆማለሁ። ከውስጥ ሆኜ ሰርገኛ ልከልክል ወይስ ከውጭ ሆኜ ልከልከል፣ የምትወስኚው አንቺ ነሽ።

ልጅሽ
ቃለሕይወት