ለአንድ መቶ አራት ልጆች ሁለት ሳጥን

ለተከበሩ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። በተለይ የወገብዎ ነገር ያሳስበኛል፤ ሦስት ጊዜ ደጅ ጠንቼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ፣ ያን ያህል መቀመጥ ለወገብ እንደማይበጅ አውቃለሁና። እኔ የሁለተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለትንንሽ ልጆች የአንድ ቤት፣ የአሥር ቤት፣ የመቶ ቤት እያልኩ ከማስተማር በቀር ሌላ ሙያ ስለሌለኝ፣ አቤቱታዬም ከዚያ አይርቅም።

1ኛ. የተማሪ ብዛት የሚሞላበትን አዲሱን ቅጽ ስለላኩልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ወረቀቱ ወፍራም፣ ማኅተሙም የደመቀ ነው። ችግሩ ለቁጥሩ የተሰጡት ሳጥኖች ሁለት ብቻ መሆናቸው ሲሆን፣ የእኔ ልጆች ደግሞ 104 ናቸው። ለሦስት በተሠራ ዴስክ ስድስት ሆነው ይቀመጣሉ፤ የተረፉት የመስኮቱ ደፍ ላይና ሰሌዳው ሥር ናቸው፤ ስጽፍ የጠመኔው ብናኝ አናታቸው ላይ ይራገፋል። ቦታ ባጣ 1ን ከሳጥኖቹ ውጭ ጽፌ ላክሁ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዎም ከመስመር የወጣውን በቀይ ሰርዘው 04 የሚለውን አጸደቁ።

2ኛ. በዚሁ መሠረት አራት የሒሳብ መጽሐፍ ደርሶናል። ለአንድ ተማሪ አንድ መጽሐፍ የሚለው ዕቅድዎ በእኛ ክፍል መቶ በመቶ መሳካቱን ለበላይ አካል ቢያሳውቁልኝ ደስ ይለኛል።

3ኛ. ልጆቼ መቶ አራት ጻፉ ሲባሉ 1004 ይጽፋሉ። መቶውን እንዳለ ያስቀምጡና አራትን ከጎኑ ይለጥፉበታል። ይህን ለማረም ከየሱቁ በር ቆርኪ ለቅመን፣ አሥር አሥሩን በፌስታል ቋጥረን፣ አሥር ፌስታል ሲሞላ ጆንያ ውስጥ እየከተትን ሦስት ሳምንት ደከምን። አሥር ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ሲጠፋ ዜሮ ቦታውን ይዞ እንደሚጠብቅ፣ ዜሮ ባይጠብቅ መቶው ወደ አሥር እንደሚወርድ በስንት መከራ ገባቸው። ዕቅድዎ ለዚህ ትምህርት የፈቀደው ሁለት ቀን ስለነበር፣ ለተረፉት ቀናት ይቅርታ እጠይቃለሁ። በነገራችን ላይ ልጆቼ ሲሳሳቱ ቁጥር ያበዛሉ እንጂ መቶ ሰው አያጠፉም።

4ኛ. ባለፈው ሳምንት የደረሰን ደብዳቤ፣ የክፍሉ ተማሪዎች ከአሥር በታች በመሆናቸው ከመጪው ወር ጀምሮ ክፍሉ እንደሚዘጋና ልጆቹ ከአውራ ጎዳናው ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት እንደሚዛወሩ ይገልጻል። እዚያም አራት መቀመጫ ተዘጋጅቶልናል። ጎዳናው የጭነት መኪና የማይቋረጥበት፣ መሻገሪያ የሌለው መሆኑን እርስዎ በመኪናዎ ስለሚያልፉበት ያውቁታል። ልጆቹ የሰባትና የስምንት ዓመት ናቸው።

5ኛ. ቅሬታዬን ተቀብለው ሱፐርቫይዘር ስለላኩ አመሰግናለሁ። ሰውየው ጨዋ ናቸው። በጣታቸው እየጠቆሙ ሲቆጥሩ ሰባ ላይ ጠፋባቸው፤ እንደገና ሁሉንም አስነሥተው ቆጠሩና፣ "እውነትሽን ነው እህቴ፣ መቶ አራት ናቸው" አሉኝ። ከዚያ ከቦርሳቸው ያንኑ ቅጽ አወጡ። ሁለቱን ሳጥኖች ብዙ ሲያዩ ቆዩና 04 ብለው ጻፉ። "ከላይ የመጣ ቅጽ ነው፣ ምን ላድርግ?" ሲሉ ዓይኔን አላዩኝም።

ሰሌዳው ሥር የምትቀመጥ፣ ጥያቄ ስለምታበዛ "ለምን" የምንላት ልጅ አለችን። እስከ ቅርብ ቀን ድረስ ከ1004 ንቅንቅ ያላለች ነበረች። አንገቷን አስግጋ ወረቀቱን አየችና፣ "ቲቸር፣ የመቶው ቤት የት ሄደ?" አለች። ሱፐርቫይዘሩ እስክርቢቷቸውን ከድነው ወጡ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን በልጅ ኮርቼ አላውቅም።

ርዕሰ መምህራችን አዛኝ ሰው ስለሆኑ፣ ዘጠና ዘጠኝ ብዬ ሞልቼ እንድገላገል መክረውኛል። ክቡርነትዎ፣ እምቢ ያልኩት ስለ ጀገንኩ አይደለም። የስም መጥሪያውን ከፍቼ የትኞቹን አምስት ልተው ብዬ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ ሄድኩበት፤ የምተወው አጣሁ።

የምለምንዎ አንድ ሳጥን ነው። ግማሽ ጣት የምትሞላ፣ ከሁለቱ በስተግራ። እንደማያደርጉት ግን አውቃለሁ፤ ይህንንም የምጽፈው ተስፋ ኖሮኝ ሳይሆን፣ ልጆቹ ሲጠይቁኝ ጽፌ ነበር እንድላቸው ነው።

ለሰጡን ትኩረት፣ ለሚሰጡንም ቀጠሮ ከወዲሁ እያመሰገንኩ፣ ከሳጥንዎ ውጭ ሆኜ እጅ እነሣለሁ፦

በጽሕፈት ቤትዎ መዝገብ የአራት፣
በስም ጥሪ የአንድ መቶ አራት ልጆች መምህርት

ግልባጭ፦
ለአራት ተማሪዎች ወላጆች (የቀሩት ከሰው ይሰሙታል)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ከጻፍኩ ሳምንት ሆነኝ፤ ፖስታውን ሳላሽገው የሚጨመር ነገር መጣ። የመዘጋቱ ወሬ ከተሰማ ወዲህ አምስት ልጆች ከትምህርት ቀርተዋል። አንዷ "ለምን" ናት። ልብስ አጣቢ እናቷ መጥተው፣ ያንን መንገድ ልጄን አላሻግርም፣ ከወዲሁ እኔው ጋ ትዋል ብለው ደብተሯን ይዘው ሄዱ። የትኞቹን አምስት ልተው ብዬ የተጨነቅሁትን ጽሕፈት ቤትዎ መርጦልኛል። ዛሬ ጠዋት ስም ስጠራ ዘጠና ዘጠኝ ሆነናል። ቅጽዎን በጥንቃቄ ሞልቼ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ ሁለቱ ሳጥኖች ልክክ ብለው በቅተውናል።