አጥሚት በቀንድ

ልጄ ዋንጌቺ፣ የተራራው አምላክ በዶሃ ፀሐይ ጥላ ይሁንሽ። እኛ ደህና ነን፤ ላሚቱም ወልዳለች።

አባትሽ ሐሙስ ሐሙስ በሻይ ቅጠል መመዘኛው ዳስ የሚሰበሰበው መጠጥ የተዉ ሰዎች ማኅበር ገብቷል። ሦስት ሐሙስ ደጅ ተቀምጦ ተመለሰ፤ ለሚቀጥለው ሐሙስ ሹራቡን አጠብኩለት። በአራተኛው ገባ። ይኸው መጠጥ ካልቀመሰ አምስት ወሩ።

አሁን ጥሎሽሽ ደረሰ። ሙሽራ የማር ጠጁን በቀንድ ቀምሳ ለአባቷ ካልሰጠች፣ እሱም ካልጠጣ፣ ጋብቻው አይጸናም። በጠጁ ፋንታ አጥሚት ይሁንልን ብዬ ሽማግሌዎቹን ለመንኳቸው። አጎትሽ ካማንዴ፣ "ልጅ በአጥሚት ይዳራል እንዴ?" ብሎ አጉረመረመ።

አባትሽ፣ "ሰክሬ ከምድራት አጥሚት ጠጥቼ ብድራት ይሻላል" አለው። ሽማግሌዎቹም ተስማሙ።

በሰላም ለአገርሽ ያብቃሽ። ቀንዱን አጥሚት እሞላልሻለሁ። ሰው ሁሉ እያየው ነው የሚጠጣውና፣ እንዳያፍር አደራሽን፣ እንደ ጠጅ አጣጥመሽ ቅመሺለት።

እናትሽ