የንግሥቲን ሠርግ በደጃፌ ስላስቆጠሩልኝ

ለተከበሩ አቶ ጦና
የቀበሌያችን ሊቀመንበርና የቁጠባ ንቅናቄ ሰብሳቢ
ወላይታ ሶዶ

የካቲት 2005 ዓ.ም.

ግልባጭ፦ ደንቡ የተለጠፈበትን ግድግዳ ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ

የተከበሩ ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ በታላቅ አክብሮት እጅ እየነሳሁ፣ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ በደጃፌ ያቆሟቸው ሁለቱ ሚሊሻዎችም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከሠርጉ ማግሥት ጀምሮ ግን ምግብ በቀረበልኝ ቁጥር የእርስዎ አፍ ፊቴ ላይ ድቅን እያለብኝ ከመብላት እቆጠባለሁ፤ ይህም ንቅናቄው በእኔ ቤት ግቡን እንደመታ ስለሚያሳይ በሪፖርትዎ ላይ ቢያስገቡት ቅር አይለኝም።

ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። የዛሬ ሦስት ዓመት የጎልማሶች ትምህርት ሲከፈት እርስዎ ቤቴ ድረስ መጥተው፣ «እናታችን፣ ስምሽን ብቻ ስጪኝ፤ ኮታው እንዲሞላ ነው እንጂ መጥተሽ ባትማሪም ማንም አይጠይቅሽም» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ነገሩ ስላልገባኝ ሄጄ ተማርኩ። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚያነቡት ሁሉ የእርስዎ የሥራ ፍሬ ነውና ደስ ሊልዎት ይገባል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። የቁጠባ ንቅናቄው ደንብ የሠርግ ድግስን የሚገድብ ነው። ንግሥቲ አንድ ልጄ ናት። አባቷ የሁምቦ ሰው ነበር፤ ከሞተ ቆይቷል። ያጫት ቶማ የጉኑኖ ልጅና መምህር ሲሆን፣ ኖርዌይ በሚባል አገር የትምህርት ዕድል አግኝቶ ሚስቱን ይዞ እንዲሄድ ተፈቀደለት። የሠርጉን ቀን የቆረጥነው እኛም ሽማግሌዎቹም ሳንሆን አውሮፕላኑ ነው። ሽማግሌዎቹ ቤቴ ገብተው ልጅሽን ስጪን ሲሉኝ ልጅቷ አዲስ አበባ ኤምባሲ በር ላይ ተሰልፋ ስለነበር እሺታዋን የሰጠችው በስልክ ነው። በዚያው ሳምንት ቬሎ ተለካች፤ በዚያው ሳምንት እንደ ፍራሽ የከበደ ካፖርት ገዛች፤ ሁለቱን በአንድ ምስማር ላይ ሰቅላቸው ሳይ ልጄን የምድራት ይሁን የምቀብራት ግራ ገብቶኝ ውጭ ወጥቼ ተቀመጥኩ።

ታዲያ በዚህ ጥድፊያ መሀል ሠርግ ለምን አስፈለገሽ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። በስብሰባ ፊት ለጠየቁኝ አሁን በጽሑፍ ልመልስ። ከዚህ ሰፈር ስንት ሴት ልጅ እንደወጣች እርስዎም ያውቃሉ። ደላላ ሳይነጋ ይመጣል፤ ልጅቷ በአንድ ፌስታል ልብሷን ይዛ ትወጣለች፤ ሲነጋ እናትየው ወደ ዓረብ አገር ሄደች ትላለች፤ ጎረቤቱ ደግሞ ሸጠቻት ይላል። አንዳንዷ እስከ ዛሬ የት እንደደረሰች አይታወቅም፤ ስትወጣ ያያት ሰው ስለሌለ ማን ይጠየቃል? እኔ የፈለግሁት ንግሥቲ በጠራራ ፀሐይ፣ በፊት ለፊት በር፣ የአባቷ ወንድሞች ከማን ጋር እንደምትሄድ ዓይናቸው እያየ፣ በልተውና መርቀው እንዲሸኟት ነው። ሌላ ምንም አልፈለግሁም። ጭፈራውንም ሞንታርቦውንም ለእርስዎ አማች ሠርግ ትቼዋለሁ፤ በዚያ ሠርግ ደንቡ በጆሮው ምን ያህል እንደተሰቃየ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሰንጋው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ስኳር ድንችና የእንሰት ሥር ከእጄ እየጎረሰ ያደገ ሰንጋ ነው። ለሠርጉ እንዲፈቀድልኝ ሳመለክት፣ በአንድ ለአምስት ስብሰባችን ላይ ተነሥተው፣ «ልጅቷ አገሯን ጥላ የምትሄድ ከሆነ ሰንጋው የሚታረደው ለማን ነው?» አሉ፤ ሰውም አጨበጨበልዎት። ለሚቀረው ሰው ነው፣ የተከበሩ ሊቀመንበር። የሚሄደውማ አውሮፕላን ላይ ይበላል። ያም ሆኖ ለሠርግ ሰንጋ ማረድ ጎጂ ልማድ መሆኑን ስላስተማሩን አመሰግናለሁ፤ አንድ በግ ግን ጎጂ እንዳልሆነ አረጋግጠውልኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ ስጦታው። ሙሽሮቹ ይዘው የሚሄዱት አንድ አንድ ሻንጣ ብቻ እንደሆነ በሰሙ ጊዜ፣ ዘመድ የሚያመጣው ድስትና ብርድ ልብስ «ባለቤት አልባ ሆኖ እንዳይቀር» ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት ገቢ ቢደረግ የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ጽሕፈት ቤትዎ በብርድ ልብስ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አልጠየቅሁም። አሳቢነትዎ ግን ልቤን ነክቶታል።

ሦስተኛውን ከመጻፌ በፊት እጄን ታጥቤያለሁ፤ ከጻፍኩ በኋላም እታጠባለሁ።

ከሠርጉ በፊት በነበረው ሐሙስ፣ እርስዎ ያለወትሮዎ ብቻዎን መጡ። ወንበር አቀረብኩልዎት፤ ወተት ሰጠሁዎት። ቶማም ተቀምጦ ነበር። ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ «እናታችን፣ ደንብ ማለት እኮ እንደ ጎማ ነው፤ ከሳቡት ይለጠጣል። ቶማ የእኔን ልጅ ወንድሜ ነው ብሎ ያስመዝግብና ይዞት ይሂድ። አንቺ ሰንጋሽን እረጂ፣ የፈለግሽውን ሰው ጥሪ፣ እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ» አሉኝ። ከሦስት ቀን በፊት ሕዝብ ፊት ቆመው ሀብት የሚያወድም፣ ትውልድ የሚያደኸይ ያሉት ሰንጋ፣ እኔ ቤት ወንበር ላይ ሲቀመጡ ድንገት ጥሩ ከብት ሆነ። የጎጂ ልማድ ዋጋው አንድ ቪዛ መሆኑን በዚያ ቀን ተረዳሁ።

ቶማ ጨዋ ልጅ ነው፤ ብዙ አይናገርም። ያን ቀን ግን፣ «ጋሼ፣ ለእኔ የተፈቀደልኝ አንድ ሚስት ይዤ እንድሄድ ነው፤ ታዲያ ልጅዎን ቬሎ አልብሼ ልውሰደው?» አለዎት። እርስዎ አልሳቁም። የወተቱ አረፋ በከንፈርዎ ላይ እንዳለ ተነሥተው ወጡ። ንግሥቲ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ስትስቅ ተሰምታለች፤ ያ ሳቅ ምን እንዳስከፈለን በማግሥቱ አየነው። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማንም ዞር ብሎ ያላየው «ከመቶ ሰው በላይ አይጠራም» የሚለው አንቀጽ፣ በእኔ በር ላይ ሁለት ሚሊሻ ሆኖ ቆመ። አንቀጽ እግር አውጥቶ ሲሄድ ያሳዩኝ እርስዎ ነዎትና ለዚህም አመሰግናለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ሠርጉ ቀን።

እሑድ ረፋድ ላይ፣ ዘመድ ገና ሳይሰበሰብ፣ ሰው እንዳይበዛ ለመቆጣጠር ኮሚቴዎን በሙሉ አስከትለው ከሁሉ ቀድመው መጡ። ሰው እንዳይበዛ የመጣው ሰው ብዛት ግቢዬን አጨናነቀው። ለአባቷ ወንድሞች ያዘጋጀሁትን አግዳሚ ያዙ። በጉ ሲቀርብ መጀመሪያ እጅዎን ሰደዱ። ክቡርነትዎ ሲበሉ አጠገብዎ ቆሜ ነበር፤ ጎድኑን ግጠው አጥንቱን ወደ ሳህኑ ሲመልሱ፣ ጣትዎን ልሰው በዚያው ጣት የሰው ቁጥር ስንት ደረሰ እያሉ ወደ በር ሲጠቁሙ፣ ቅባቱ በአገጭዎ ወርዶ ደረትዎ ላይ በተለጠፈው የቁጠባ ባጅ ላይ ሲንጠባጠብ አይቻለሁ። ይሁን እንጂ እንግዳ ነዎትና ሶፍት አቀረብኩልዎት።

የሁምቦ ሰዎች የደረሱት ከቀትር በኋላ ነው። በአንድ አይሱዙ ላይ ተጭነው፣ አቧራው ፀጉራቸውን አመድ አስመስሎት፣ ሽማግሌዎቹ አንዱ በሌላው ትከሻ እየተደገፉ ወረዱ። ፊት ፊት የሚሄደው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አባባ ባዳቾ ነበር፤ ወንድሙ ከሞተ ጀምሮ ንግሥቲ አባባ የምትለው እሱን ነው። ሚሊሻው በዱላው በሩን ዘጋና፣ «መቶ ሞልቷል፣ አባባ፤ ትእዛዝ ነው» አለው።

አባባ ባዳቾ አልተቆጣም። «ሙሽሪትም ተቆጥራለች?» ብሎ ጠየቀ።

«አዎ፣ ሁሉም ተቆጥሯል።»

«ቁጥር ከሆነ ነገሩ፣ ልጄ፣ እሷን ቀንሰህ እኔን አስገባኝ። አይቻት እወጣለሁ።»

ይህን ያለው ለመቀለድ ይሁን ከልቡ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ንግሥቲ ግን ድምፁን ሰማች። ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ ከተቀመጠችበት ተነሣች፤ በእርስዎ ፊት አልፋ፣ በሚሊሻው ዱላ ሥር ጎንበስ ብላ ወጣችና፣ «እኔ ወጥቻለሁ፤ አንድ ቦታ ተለቋል» አለች። ሚሊሻው እርስዎን ያያል፣ እርስዎ አፍዎ ሞልቶ መናገር አልቻሉም። ቶማ ተከተላት፤ «የእኔንም ቀንሱ» አለ። ሚዜዎቹ ወጡ። ከጉኑኖ የመጡት ወጡ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በደንቡ መሠረት ነው፤ እያንዳንዱ እንግዳ በሥርዓት እየተነሣ ቦታውን ለሁምቦ ሰዎች ለቀቀ፤ ከሁምቦ ሰዎች ግን ሙሽሪት ያለችው ውጭ ስለሆነ ማንም ሊገባ አልፈለገም። ግቢዬ ውስጥ የቀሩት እርስዎ፣ ኮሚቴዎና የበጉ አጥንት ብቻ ነበሩ።

መንገዱ ሠርግ ሆነ። ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ ኑሪ፣ ነገሩን ከሱቁ መስኮት ሲያይ ቆይቶ፣ «እትዬ አሳየሽ፣ የእኔ በረንዳ ገደብ የለውም» እያለ አግዳሚዎቹን፣ የለስላሳ ሳጥኖቹንና ያለውን ዳቦ ሁሉ አወጣ። የባጃጅ ልጆች ቆመው ጥሩምባ ነፉ። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው እልል አሉ። እርስዎ የጎድን አጥንት በእጅዎ እንደያዙ በሩ ላይ ብቅ ብለው፣ «መንገድ መዝጋት ክልክል ነው!» ብለው ሲጮኹ አይቻለሁ፤ በጥሩምባው ምክንያት አልተሰማም እንጂ ትክክል ነበሩ። አስፋልቱ እስከ መታጠፊያው ድረስ ተዘግቶ ነበር።

አባባ ባዳቾ ልጄን አቧራው ላይ ቆሞ መረቃት። እጁን ራሷ ላይ አድርጎ ብዙ ነገር ተናግሯል፤ ሁሉንም አልጽፈውም፤ የእኛ ነው። መጨረሻ ላይ ግን፣ «ሂጂ። ስትሄጂ አይተናል» አላት። እኔ ሁለት ዓመት ሰንጋ ያደለብኩት ለዚህች ቃል ነበር።

ስለዚህ ዋናው ምስጋናዬ እዚህ ላይ ነው። እርስዎ ባይከለክሉኝ ኖሮ ልጄ የምትዳረው በአጥሬ ውስጥ፣ ዘመድ ብቻ እያያት ነበር። እርስዎ ስለከለከሉ ሰፈሩ በሙሉ አያት፤ መንገደኛው አያት፤ ከሻንቶ የመጣ የማላውቀው የሚኒባስ ተሳፋሪ ሳይቀር በመስኮት እጁን ዘርግቶ መረቃት። ዛሬ ማንም ተነሥቶ አሳየሽ ልጇን ሸጠች ቢል የሚመልስለት ሰው በየደጃፉ አለ። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም በዚያው መንገድ፣ በቀን፣ ካፖርታቸውን በክንዳቸው ይዘው ሄዱ። ደርሰናል ብለው ደውለዋል። ብርድ ነው ብላለች።

በመጨረሻም፣ የሥራ ዘመንዎ እንደ ደንብዎ የሚለጠጥ እንዲሆን እመኛለሁ አልልም፤ ይህን ብል ስለምዋሽ። አክብሮቴን ግን ሙሉ በሙሉ አቀርባለሁ፤ እኔ ዘንድ ለእርስዎ የቀረው እሱ ብቻ ስለሆነ ያለ ምንም ቁጠባ ይውሰዱት።

ለደንቡ ታዛዥ፣ አስከባሪውን ግን ከአንጀቷ የተጸየፈች፣

ወ/ሮ አሳየሽ ሻንካ
የንግሥቲ እናት

ማሳሰቢያ፦ ትናንት መልእክተኛዎ መጥቶ የሰንጋዬን ዋጋ ጠይቆኛል። የቁጠባ ንቅናቄው ማጠቃለያ በዓል ላይ የምስክር ወረቀት ሊሸለሙ መሆኑንና ለዕለቱ እንግዶች ከብት እንደሚያስፈልግ ነግሮኛል፤ እንኳን ደስ አለዎት። ዋጋዬን እነሆ። በበዓሉ ላይ ይነሡ፤ ለሠርግ ሰንጋ አይታረድም የሚለውን ደንብ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ድምፅዎን ከፍ አድርገው ለእንግዶችዎ ያንብቡላቸው፤ አንብበው ሲጨርሱ ቢላዋውን ራስዎ ያንሡ። ይህን ካደረጉ ሰንጋው በነጻ የእርስዎ ነው። ለመልእክተኛዎ ይህንኑ ነግሬው ነበር፤ እሱ ግን ይዞ የመጣው ገንዘብ ብቻ ነው።