እንግዶች ያበሉት ተዝካር

ውድ ወንድሜ ራስል፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ብቻ ነው። ፊት ለፊት ባገኝህ የምጠራህ በሌላ ነበር።

የእማዬ የሙት ዓመት ተዝካር ባለፈው ቅዳሜ ወጣ። አልመጣህም፤ ደግ አደረግህ።

አጎታችን ሳይረስ ጀልባው ላይ አስቀምጦ ያስተማረንን መቼም አልረሳኸውም። ጎባጣዎቹ ዓሣ ነባሪዎች ብርዱን ሃዋይ ከርመውና ወልደው፣ ወራቱን ሙሉ እህል ውሃ ሳይሉ ወደኛ ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። እንደደረሱ ተባብረው ሄሪንጉን፣ ያን ትንሹን ዓሣ፣ ከሥር በአረፋ ይከቡታል፤ መውጫ ሲያጣ አፋቸውን ከፍተው ብቅ ይላሉ። «አረፋውን ያየህበትን ቦታ ለሚስትህም እንዳትነግር» ይልህ ነበር። «ዓሣው እንቁላሉን ሊጥል የተሰበሰበው እዚያ ነው። ሞተርህን አጥፋና ጠብቅ።» የእማዬ ድግስም ተስፋው እዚያ ነበር። የጥድ ቅርንጫፍ ባሕሩ ውስጥ አስጥመን፣ ሄሪንጉ ቅጠሉ ላይ እንቁላሉን ሲጥል አውጥተን ለእንግዶቻችን ልናቀርብ። እንግዳ የበላው ለሟች እንደሚደርስ ላንተ አልነግርህም።

አንተ ግን ለትልልቆቹ የመረብ መርከቦች መንገድ መሪ ሆንክ። መቀጠርህን አልነቅፍም፣ ሰው ሠርቶ ይበላል። ግን አንተ ሞኝ፣ እዚህ መንደር የጀልባ ሬዲዮ የማይከፈትበት ማድ ቤት አለ? ከአክስቴ ኖርማ ጋር ዓሣ እየከተፍን ሳለ ድምፅህ መጣ።

«ዓሣ ነባሪዎቹን ተከተሉ! አረፋው ጋ ጣሉ መረቡን። ይሄን ቦታ ከኛ ቤት ሌላ የሚያውቀው የለም» አልክና ሳቅህ።

ሳቅህ እኮ! አክስቴ ቢላዋዋን አስቀምጣ «ይሄ የኛው ልጅ ነው?» አለችኝ። አይደለም ብላት ምንኛ ደስ ባለኝ!

ሄሪንጉን እንቁላሉን ሳይጥል ጠርጋችሁ ወሰዳችሁት። ቅርንጫፎቻችንን ብናወጣቸው ባዶ። «ምን ይደረግ፣ ቅጠሉን ቀቅለን እናቅርብላቸዋ!» አለች አክስቴ፤ ስቃ ሳትጨርስ እንባዋ መጣ። ዓሣ ነባሪዎቹም ጾማቸውን በቅጡ ሳይፈቱ ሄዱ። እነሱ ያን ሁሉ ተርበው እንኳ ሁልጊዜ ለኛ ያስተርፉልን ነበር። አንተ ምን ራበህ?

በወጋችን የአንዱን ጎሳ ሟች ተዝካር የሚበላው ሌላው ጎሳ ነውና፣ እኛ የቁራ ወገኖች እናበላቸዋለን ብለን የጠራናቸው የንስር ወገኖች ወሬውን ሰምተው ኖሯል። ከሌላ ቦታ ያገኙትን እንቁላል በባልዲ ይዘው መጡ። እንዳናፍር ብለው በጓሮ በር አስገቡልን። የራሳቸውን ምግብ መልሼ ሳቀርብላቸው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እናታችንን ሌላ ሰው አበላት፣ ራስል።

በመጨረሻ አጎቴ ሳይረስ ተነሣ። ከአያቶቻችን የወረሰውን የጎሳ ስሙን ላንተ ሊያወርስ፣ እማዬ በሕይወት ሳለች ተማክረው የቆረጡት ለዚህ ቀን እንደነበር ታውቃለህ። በሩን ትንሽ አየና «የማውቀውን ሁሉ ሰጥቼው ነበር» አለ። ከዚያ የአክስቴን ልጅ ዋልተርን አስነሥቶ ስሙን ለእሱ ሰጠው። እንግዶቹ እንደ ወጉ ስሙን አራት ጊዜ ደጋግመው ጠሩ። እኔም ጠራሁ። ከሁሉም በላይ የጮኽኩት እኔ ነኝ፤ ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው የጻፍኩልህ።

እህትህ (ይሄኛውን ስም መንሳት አይቻልምና)፣
ዶሪን