በወደቡ መጋዘን ስለተነኑት ሁለት ጠርሙሶች

ለጓድ አምባቸው ምሕረቴ
የባሕር ዳር ጀልባ ማረፊያ የፍተሻ ኃላፊ
ባሉበት

ኅዳር 24 ቀን 1975 ዓ.ም.

እጅግ የማከብርዎ ጓድ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። በተለይ የሆድዎን ጤንነት አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ምክንያቱን ከታች አቀርባለሁ። እኔ በእርስዎ ቸርነት ደኅና ነኝ። እግሬ ብቻ አልቀመጥ ብሎኝ ከቤቴ እስከ ማረፊያው፣ ከማረፊያው እስከ ቤቴ ስመላለስ እነሆ አርባ ሦስት ቀን ሞላኝ። ይህን ደብዳቤ በግድግዳ ጋዜጣችሁ ላይ የለጠፍኩት፣ ሦስት ጊዜ በእጄ ያመጣሁልዎ ማመልከቻ በጠረጴዛዎ ላይ ሌላ ወረቀት እየተጫነው ስላስቸገርዎ ነው። ከግድግዳ ላይ ሲሆን ቆመው ያነቡታል፤ አላፊ አግዳሚውም በማንበብ ያግዝዎታል።

ማን እንደሆንኩ ቢዘነጉ፣ ሣህሉ በየነ እባላለሁ፤ በፋብሪካ የሽመና መኪና ጠጋኝ ነኝ። የተወለድኩት ድሬዳዋ ነው። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ከጅቡቲ የሚመጣውን ጂን ገና ሳልቀምሰው በጠረኑ መለየት ተምሬያለሁ፤ አንዱ ጥድ ጥድ ይላል፣ አንዱ የብርቱካን ልጣጭ፣ አንዱ ደግሞ ድንብላል። ባሕር ዳር ከመጣሁ ወዲህ ሰው በዕረፍቱ ዘመድ ሲጠይቅ እኔ ጂን ፍለጋ ሐይቁን እዞራለሁ። ስካር ፈልጌ እንዳይመስልዎ፤ ስካርማ ከደጃፌ ሳልርቅ አገኘው ነበር። የምፈልገው ሌላ ቦታ የማይገኘውን ነው፤ እሱን ሳስብ መቀመጥ አልችልም።

ወረታ ከተማ ያለው ወዳጄ ሙሀመድሰዒድ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ በሕይወቱ አንድ ጉንጭ መጠጥ ቀምሶ አያውቅም። ሆኖም መልኩ እንግዳ የሆነ ጠርሙስ ሲያገኝ ለእኔ ያስቀምጥልኛል፤ «እኔ ባልቀምሰውም አንተ ስትቀምሰው ፊትህን አይቼ ደግነቱን አውቀዋለሁ» ይለኛል። ቆላ ድባ እህል ገበያ ላይ ደግሞ ከፈረንጅ አገር የመጣ የሸክላ የጂን ጠርሙስ አይቼ፣ ባለቤቲቱን ግማሽ ቀን ለምኜ ወሰድኩትና ቤቴ ገብቼ ስጎነጨው ላምባ ሆኖ አገኘሁት። ሳላሸት መቅመስ የተውኩት ያን ቀን ነው።

ከሰባት ዓመት መንከራተት በኋላ የፈለግኩትን ያገኘሁት ቁንዝላ፣ ከወይዘሮ አገርነሽ ቤት ነው። ወይዘሮ አገርነሽ ዳግም አረቄያቸውን ለሦስተኛ ጊዜ ሲያወጡ የጥድ ፍሬና የትርንጎ ልጣጭ በጨርቅ ቋጥረው አረቄው ከሚወርድበት መቃ አፍ ላይ ያስራሉ። ጂን የሚባል ነገር መኖሩን ሰምተው አይደለም። የንስሐ አባታቸው በአረቄው ሽታ እየተቆጡ ቢያስቸግሯቸው ሽታውን ለመሸፈን የፈጠሩት ዘዴ ነው። ቀመስኩት፤ ቁጭም አልኩ። ከጅቡቲ የመጣው ሁሉ ተደምሮ አይደርስበትም። በሰባት ዓመት ውስጥ እግሬ ያረፈው ያን ጊዜ ብቻ ነበር፤ እሱንም እርስዎ ደርሰው አስነሡልኝ።

አሁን ምስጋናዎቼን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ንባብ ፍቅርዎ አመሰግናለሁ። በማገኘው ጂን ሁሉ ላይ የሠሪውን ስም፣ አገሩንና ቀኑን በወረቀት ጽፎ የመለጠፍ ልማድ አለብኝ። ጥቅምት 8 ቀን ከጀልባ ስወርድ ፈታሾችዎ ከቦርሳዬ ሁለት ጠርሙስ አወጡ፤ በአንደኛው ላይ «አገርነሽ፣ ቁንዝላ፣ ጥቅምት 6» ይላል። የእጅ ጽሑፌን እናቴም እንኳ እንደ እርስዎ ደጋግማ አንብባልኝ አታውቅም።

ሁለተኛ፣ ስለ ቅልጥፍናዎ። ማረፊያው ላይ የተሰበረው መወጣጫ ይጠገን ብለን ካመለከትን ሁለተኛ ክረምት አለፈ፤ በወይዘሮ አገርነሽ ጉዳይ ግን መልእክትዎ በሦስተኛው ቀን ቁንዝላ ደርሷል። እንስራቸው ተሰበረ፤ መቃቸው ነደደ፤ እሳቸውም በኢኮኖሚ አሻጥር ተከሰው በገበሬ ማኅበሩ እስር ቤት ገቡ። ልጠይቃቸው ሄጄ በበሩ ቀዳዳ «አረቄ አወጣሁ እንጂ ሰው አልገደልሁ፤ ስሜን ማን ነገራቸው?» አሉኝ። ጓድ ኃላፊ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ትንሽ ልተወው። የነገርኳችሁ እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ በቆንጆ ጽሑፍ። ይህንኑ ስነግራቸው «ስሜን መጻፍ የተማርሁት አምና በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ዘንድሮ አሳሰረኝ?» አሉ። አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ላይ ቆሜ የማጠብቀውን ብሎን እፈታዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሳይንሳዊ ግኝትዎ። የፍርድ ሸንጎው ጉዳዩን ለማየት ኤግዚቢቱ ይላክልኝ ብሎ ቢጽፍልዎ፣ በፊርማዎና በማኅተምዎ የሰጡት መልስ እንዲህ ይላል፦ «ሁለቱም ጠርሙሶች በቅምሻ ተመርምረው የያዙት ኃይለኛ አልኮል መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ በመጋዘኑ ሙቀት ምክንያት ተንነው አልቀዋል።» ቡሹ እንደተከደነ መትነኑ ያስደንቃል። ከዚያው መጋዘን ያለው ላምባ፣ ዘይትና የፈታሾቹ ጠላ ሙቀቱን ችለው መቀመጣቸው ደግሞ የበለጠ ያስደንቃል። ሸንጎው ግን ሳይንስ አያውቅምና ያለ ኤግዚቢት አልፈርድም፣ ሳልፈርድም አልፈታም ብሏል። ስለዚህ አንዲት ሴት በእርስዎ ጉሮሮ የገባ ነገር ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ በእስር ትጠብቃለች ማለት ነው።

አራተኛም አምስተኛም ነበረኝ፤ ትዕግሥቴ አልቆ ቁጥሩን ተውኩት። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰዎችዎ ደቅ ደሴት ድረስ ተሻግረው፣ ጥድና ትርንጎ የሚሸት አረቄ የምታወጣ ሴት «ለናሙና» ሲያፈላልጉ ነበር አሉ። ከተነነ መጠጥ ላይ ጣዕሙን እንዴት እንደያዙት ባይገባኝም፣ በፍለጋው ጓደኛ በማግኘቴ ደስ ብሎኛል። እንደ አሮጌ ፈላጊነቴም ልምከርዎ፤ ሐይቁን ቢዞሩት አያገኙም። ያቺን መጠጥ የምታወጣ አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷንም ቆልፈውባታል።

የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። «ኤግዚቢት የለኝም፤ ክሱ ይቅር» የሚል አንድ መስመር ለሸንጎው ይጻፉልኝ። እንስራውን እኔ እተካለሁ፤ መቃውንም ከሐይቁ ዳር ቆርጬ አመጣለሁ። ለእኔ አንድ ጠብታ አይመለስልኝ፤ ሴትዮዋ ቤታቸው ይግቡ።

የእርስዎን በር በመጠበቅ ጫማውን የጨረሰው፣ ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ የሰው እስራት ግን እንዲያጥር የሚመኝ፣ ታዛዥዎ

ሣህሉ በየነ

ኢትዮጵያ ትቅደም፤ ወይዘሮ አገርነሽም ተከትለዋት ይውጡ።

ግልባጭ፦
ለፍርድ ሸንጎው
ለወይዘሮ አገርነሽ (በበሩ ቀዳዳ በኩል)

ማስታወሻ፦ ስለ ሁለተኛው፣ ወረቀት ስላልተለጠፈበት ጠርሙስ መናገር ረስቼ ነበር። ጠርሙሱ የጂን ነው፤ የያዘው ግን ለአማቴ ለወይዘሮ ሙሉነሽ ጉልበት ከደቅ ያስቀዳሁት ጠበል ነበር። የቀዱልኝ አባት በነገው ጀልባ ተሻግረው ለሸንጎው ቃላቸውን ስለሚሰጡ፣ በፊርማዎ ያረጋገጡት ምርመራ ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደሚቆም እርስዎ ያውቃሉ። ሁለተኛውን የቀመሱት ከመጀመሪያው በኋላ ስለሆነ እኔ አልፈርድብዎትም። አማቴም ጓድ አምባቸው ጠበሉን ኃይለኛ ነው ብለው በማኅተም መመስከራቸውን ሲሰሙ እልል ብለዋል። ጠርሙሶቹ በተያዙ ማግስት በውይይት ክበቡ ስለ ሃይማኖት ጎጂነት ሲያስረዱን ሦስት ጊዜ አቋርጠው ወደ ጓሮ መሮጥዎ ግን አሳስቧቸዋል፤ ያ ጠበል የሚጠጣው ሰባት ቀን ነው፤ እርስዎ የጠጡት የአንዱን ቀን ብቻ ስለሆነ ውስጥዎ ያለው ሁሉ አልወጣም ይላሉ። ወይዘሮ አገርነሽ እስኪፈቱ ድረስ የቀረውን የስድስቱን ቀን እኔ ራሴ እያመጣሁ ከበርዎ አስቀምጥልዎታለሁ። ሰው እንዳይሳሳትም በየጠርሙሱ ላይ ስምዎን እጽፍበታለሁ።